የነዳጅ አመጣጠን ቱርቦ በተገጠመላት ትንሽ መኪና፦ ከሞላሌ እስከ ሸዋ ሮቢት

ቱርቦ ሳይኖረው በተሠራ የትንሽ መኪና ሞተር ላይ ቱርቦ ሲጨመር አስቸጋሪው ሥራ ቱርቦውን ማሰሩ አይደለም፤ ለሚገባው ተጨማሪ አየር ተመጣጣኝ ቤንዚን ማድረሱ ነው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣ ትኩስ ጭስ ኃይል የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ነው። አየር ይገፋል እንጂ ነዳጅ አይጨምርም። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሞተሩ በቱርቦ እየተገፋ ከባድ ጭነት ሲጎትት ግን ድብልቁ ወደ 12 ለ1 ወፈር ማለት አለበት፤ ትርፉ ቤንዚን እየተነነ የማቃጠያ ክፍሉን ያቀዘቅዛልና። ድብልቁ ከሳሳ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስ ቤንዚኑ በየጥጉ በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ዝም ከተባለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ የፒስተኑ አናት ይበሳል።

በደጋ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 0.7 ባር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 0.76፣ ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየምቱ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ሞላሌ ላይ ከ50 ብዙም አይበልጥም። ከጣርማ በር ወደ መዘዞና ሞላሌ የሚታጠፈውን መንገድ አምስት ሰው ጭኖ በአንድ ሊትር ሞተር የሄደ ሹፌር ይህን ያውቀዋል፤ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦም መኪናዋ አትሰማውም።

ቱርቦ ያደገውም ለዚሁ ችግር መፍትሔ ሆኖ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በፓተንት አስመዘገበ። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። ከታች 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጥ የነበረው ሞተር አናቱ ላይ በቱርቦ ታግዞ ጉልበቱ ሳይጓደል ሠራ። ለመንዝ የሚበጀው ቱርቦም እንዲህ ያለው ነው፤ ከፍታው የወሰደውን የሚመልስ እንጂ መኪናዋን ለውድድር የሚያሰልፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ ትንሽ መኪና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቶዮታ ቪትዝ ነው። ኤክሳይዝ ታክሱ እስከ 1,300 ሲሲ ላለው ሞተር ዝቅ ያለ መሆኑ ባለ 1,000ና ባለ 1,300 ሲሲዎቹን አበዛቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው፤ ሞተራቸው በሙከራ የሚባክን አይደለም። የመጭመቅ መጠናቸው 10 ለ1ና ከዚያ በላይ በመሆኑ ብዙ የቱርቦ ግፊት አይችሉም።

የፋብሪካው ኢንጀክተሮች የተመረጡት ሞተሩ በባሕር ጠለል ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ የሚበቃውን ቤንዚን እንዲረጩ ነው። ሞላሌ ላይ ከዚህ አቅም ሥራ ላይ የሚውለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እዚያ 0.3 ባር ብቻ የሚጨምር ቱርቦ ቢገጠም ወደ ሞተሩ የሚገባው ግፊት በጠቅላላው 1 ባር ይሆናል፤ ቱርቦ የሌላት መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ የምታገኘው ማለት ነው። ለዚህ የፋብሪካው ኢንጀክተር ሊበቃ ምንም አይቀረው። የሚጎድለው ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ቪትዞች ፓምፑና የግፊት መቆጣጠሪያው ሰልባትዮው ውስጥ ሆነው የመስመሩን ግፊት ከውጭው አየር በላይ 3.2 ባር አካባቢ ያቆዩታል። ቱርቦው አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ማኒፎልድ ውስጥ 0.3 ባር ሲጨምር ኢንጀክተሩ የሚረጨው በ2.9 ባር ልዩነት ይሆናል። የሚወጣው ቤንዚን የሚለዋወጠው በግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ስለሆነ ቅናሹ 5 በመቶ ገደማ ነው።

አደጋው ያለው መኪናዋ ከደጋው ስትወርድ ነው። የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው ዌስትጌት የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። 0.3 ባር ላይ የታሰረ ቱርቦ ሞላሌ ላይ በጠቅላላው 1 ባር፣ አዲስ አበባ 1.06፣ ሸዋ ሮቢት 1.17 ባር ይሰጣል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጣርማ በር ዋሻ በደብረ ሲና በኩል ወደ እርሷ የሚወስደው ቁልቁለት ሞተሩን አይፈትነውም፤ ሹፌሩ በማርሽ ይዞ ሲወርድ ኢንጀክተሮቹ እንዲያውም ይዘጋሉ። ፈተናው መመለሻው ነው። ከሮቢት ተነስታ ወደ ደብረ ሲና የምትወጣ መኪና የቆላው ወፍራምና ትኩስ አየር፣ ሙሉ የቱርቦ ግፊትና የማያልቅ ዳገት አንድ ላይ ይገጥሟታል። አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይብስ ይግላል፤ ሞላሌ ላይ በ10 ዲግሪ የገባው እንኳ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ከሌለ 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የመንዝ መኪና ነዳጅ ሞላሌ ላይ ተለክቶ አያልቅም። ባለቤቱ በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ፣ በቀትር፣ ዳገት ላይ መፈተሽ አለበት።

የሞተሩ ኮምፒዩተርም የሚያየው ወሰን አለው። የማኒፎልድ ግፊት ሰንሰር ባላቸው ሞተሮች የፋብሪካው ሰንሰር ከ1 ባር ብዙም አልፎ አያነብም። ግፊቱ 1.17 ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጭማሪውን ስለማያይ ቤንዚኑን በአሮጌው ልክ ይሰፍራል። የአየር መጠን የሚለካ ሰንሰር ያላቸው ጭማሪውን ያያሉ፤ ነገር ግን ከቱርቦው በኋላ ያለው ቱቦ ካፈሰሰ የተለካው አየር ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ስለሚቀር ቤንዚኑ ይበዛል። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው የኦክስጅን ሰንሰር ደግሞ ድብልቁ ከ14.7 መወፈሩን ወይም መሳሳቱን ከመናገር አያልፍም፤ 12ን ከ13 አይለይም። በመሆኑም ድብልቁን በቁጥር የሚለካው፣ ዋይድባንድ የተባለው ሰንሰር ከነማሳያው የግድ ነው። ገንዘብ ካጠረ ከኢንተርኩለሩም ከሌላውም በፊት መገዛት ያለበት እርሱ ነው።

ነዳጁን ለማሳደግ አስተማማኙ መንገድ ተለቅ ያሉ ኢንጀክተሮች ገጥሞ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስተካከል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በቱርቦ 75 ኪሎዋት፣ ማለትም 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ እንዲሰጥ ከተፈለገ በሰዓት 27 ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ይፈጃል። ኢንጀክተር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ተከፍቶ እንዲሠራ ስለማይመከር፣ እያንዳንዱ በደቂቃ 190 ሲሲ ገደማ የመርጨት አቅም ሊኖረው ይገባል። ኢንጀክተሩን ሳይቀይሩ ከቱርቦው ጋር የመስመር ግፊቱን የሚያሳድግ መቆጣጠሪያ መግጠምም ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ ሰልባትዮ የሚመልስ ቱቦ ያስፈልገዋል፣ ፓምፑም ግፊት በጨመረ ቁጥር የሚያወጣው መጠን ይቀንሳል። ባትሪው ወይም ሽቦው ደክሞ ቮልቴጅ ካነሰ ይህ ቅናሽ ዳገት ላይ ይታያል።

የቤንዚኑ ጥራትም ድብልቁን ይነካል። ማደያ በሌለበት የገጠር ከተማ ቤንዚን በጀሪካን ይገዛል፤ ውኃና አቧራ አብሮ ይገባል፤ የፓምፑ ፊልትሮ በከፊል ሲደፈን ሹፌሩ በዝግታ ሲነዳ ምንም ሳይታወቀው ሙሉ ጭነት ላይ ድብልቁ ይሳሳል። ኤታኖል 10 በመቶ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ከ3 እስከ 4 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል።

ከዋይድባንዱ ማሳያ ሌላ ካንዴላ ነቅሎ ማየት አሁንም ይጠቅማል። ረጅም ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሲበርድ ነቅሎ ማየት ነው። ነጩ ሸክላ ቡናማ ጥላ ካለው ደህና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ኖራ መስሎ ነጥቶ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ከታዩበት ከፒስተኑ የተላቀቀ አሉሚኒየም ነው፤ መኪናዋ ሳትስተካከል ወደ መንገድ መውጣት የለባትም።

ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ለቱርቦ አይመቹም። አየሩ ሲሳሳ እነርሱ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንሱም፤ ሳይስተካከሉ ሞላሌ ሲደርሱ ድብልቃቸው 18 በመቶ ያህል ይወፍራል።

በመንዝ መንገድ የሚበዙት ኢሱዙና ሚኒባስ ግን በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ የናፍጣ ሕግ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ናፍጣ ሲበዛ ሞተሩን ያግላል እንጂ አያቀዘቅዝም። አንድ መካኒክ ቱርቦ በሌለው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ላይ ቱርቦ ጨምሮ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ቢያላላ ወይም ቢያጠብቅ መጠኑ በሁሉም ከፍታ ይለወጣል፤ ሮቢት ላይ በንጹሕ የሚሠራው ሞላሌ ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ለዚህ በቱርቦ ግፊት የሚንቀሳቀስ ዲያፍራም ያለው ፖምፓ ያስፈልጋል፤ ግፊት ሲመጣ ናፍጣውን ይጨምራል፣ ግፊት ሲጠፋ ይቀንሳል። ለመቆጣጠርም ከቱርቦው በፊት የጭሱን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ይገጠማል።