የኤሪ ሐይቅ በካርቱን ፊልም ውስጥ

ስለ አካባቢ መለወጥ ለልጆች ከተሠሩት የካርቱን ፊልሞች መካከል በ1972 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየው «ዘ ሎራክስ» ስመ ጥር ነው። ቴዎዶር ጋይዝል፣ በብዕር ስሙ ዶክተር ስዩስ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። አንድ ነጋዴ ዛፍ እየቆረጠ ዕቃ ያመርታል፤ ደኑ ሲመነጠር ወፉም ዓሣውም ይሰደዳል። በእውኑ ዓለም የሰው ዕድሜ የሚፈጅ ጥፋት በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የካርቱን ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አያቱ ያዩትን ደን አላየም፣ ሥዕሉ ግን የያኔውንና የአሁኑን ጎን ለጎን ያቆምለታል። ችግሩ ለውጥን የሚያስተምረው ፊልም ራሱ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ለዚህ በመጽሐፉም በፊልሙም ውስጥ በአሜሪካና በካናዳ መካከል የሚገኘውን የኤሪ ሐይቅ መበከል ከሚያነሳው አንድ ስንኝ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስንኙ ሲጻፍ እውነት ነበር። ከከተማ ፍሳሽና ከዱቄት ሳሙና የሚመጣው ፎስፎረስ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሐይቁ «ሞቷል» እስከ መባል ደረሰ። ወደ ሐይቁ የሚገባው የካያሆጋ ወንዝ እንኳ በ1969 በላዩ በተንሳፈፈው ዘይት ተቀጣጥሏል። ከዚያ በ1972 አሜሪካና ካናዳ ስምምነት ፈረሙ፣ ፎስፎረሱ ቀነሰ፣ ሐይቁም አገገመ። መጽሐፉ በወጣ በ14 ዓመቱ ሐይቁን የሚያጠናው የኦሃዮ ሲ ግራንት ፕሮግራም ባልደረቦች ይህንኑ ለደራሲው ጻፉለት፤ እሱም ስንኙን ከመጽሐፉ አወጣው። በፊልሙ ውስጥ ግን እንዳለ ቀረ።

አንድ ስንኝ ይህን ያህል ምን ያከራክራል፣ ለልጅ የሚበጀው ዋናው መልእክት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን በሐይቁ ዳር የሚያድግ ልጅ የጠራ ውኃ እያየ ተበክሏል ሲባል ከሰማ ትምህርቱን ይጠራጠራል፤ ከዚያም የባሰ፣ በሕግና በሥራ የተመለሰ ውኃ መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህ የሚከብድ መቃወሚያም አለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የአልጌ መርዝ በሐይቁ ዳር ያለችውን የቶሌዶ ከተማን የቧንቧ ውኃ በክሎ ከ400,000 በላይ ሰዎች እንዳይጠጡ ታዘዙ፤ ታዲያ ስንኙ መቆየቱ ልክ አልነበረም? አልነበረም። በዚህኛው ጊዜ ፎስፎረሱ በአብዛኛው የመጣው ከእርሻ ማሳ ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው፣ መፍትሔውም እንዲሁ፤ ይህን ደግሞ የ1972ቱ ፊልም ሊነግር አይችልም።

የእኛው የሐረማያ ሐይቅም ከዚሁ አይርቅም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደረቀ፣ ከዓመታት በኋላ ውኃው በከፊል ተመለሰ። ሐይቁ በደረቀ ሰሞን ለአካባቢው ተማሪዎች ካርቱን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ታሪኩን ከግማሹ ይቆርጠው ነበር። ሥዕል በእጅ አንድ በአንድ በሚሣልበት ዘመን ያለቀ ፊልምን መንካት ውድ ስለነበር ያለፉትን ሠሪዎች አልወቅስም። አሁን ሥዕሉም ድምፁም በኮምፒውተር ተለያይቶ ይቀመጣል፤ የመጨረሻውን ትዕይንት ብቻ አውጥቶ እንደገና መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ለልጆች እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው ሥዕሉ የየትኛውን ዓመት ሁኔታ እንደሚያሳይ በስክሪኑ ላይ ይጻፍ፣ ለእርማቱም ከመነሻው በጀት ይያዝ።