ከመሶብ እስከ ሒሳብ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የጎጃምን ዳገት ሲታገል የቆየ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምግብ ነው። ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘው የበረሃ መንገድ ሆድን ያራቁታልና፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩት ምግብ ቤቶች የሚኖሩት በዚሁ ረሀብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና በዚህ አገር እንግዳ ለበላው መክፈሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው።

መኪና ከመግባቱ በፊት ዓባይን የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ በሶውንና ድርቆሹን በስልቻ ቋጥሮ ይጓዝ ነበር። ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መሶብ ይቀርብለታል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ ካልጎረሰ እንደ በላ አይቆጠርም። እንግዳውም የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ በቀኝ እጁ ከፊቱ ያለውን ብቻ ቆርሶ ይበላል፤ መሶቡንም ጠርጎ አይነሣም፤ ከኋላ የሚበሉ ልጆችና እንጀራውን የጋገረችው ሴት አሉና። ሊጡን አቡክታ፣ በምጣዱ ጢስ ዓይኗ የተለበለበው ሴት ከትራፊው መድረሷ፣ ያ የተመሰገነ መስተንግዶ በተወሳ ቁጥር የሚዘነጋ ጉድለት ነው።

ሌላ ማዕድም ነበር፤ የጌቶች ግብር። በአዳራሹ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ተቀምጠው ብርንዶውንና ምርጡን ጠጅ ሲያነሡ፣ ጭፍራው ተራውን በውጭ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስም እንጀራው እየጠቆረ፣ ጠጁም እየቀጠነ ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር ነጩን ጤፍ ያበቀለው ገባር ከዚያ ማዕድ የነበረው ድርሻ ማቅረብ እንጂ መቅረብ አልነበረም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዳቸው ፊታውራሪ መሸሻን ከገበሬዎቻቸው ጋር ያጋጩት ከተለመደው በላይ በተጠየቀ ግብር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

በእንዲህ ያለ ኅብረተሰብ ዘንድ እንጀራ ሸጦ መኖር ነውር ነበር። ይህን ነውር በአዋጅ ሳይሆን በሥራ የሰበሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ከፈቱ። ሲነገር እንደ ቆየው፣ ለበሉት መክፈል መኳንንቱን ስላሳፈራቸው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በልተውና ከፍለው አርአያ ሆኑ። ወሬው በአፍ ሲተላለፍ ተሽሞንሙኖ ይሆናል፤ ኀፍረቱ ግን እውነተኛ ነበር።

ወደ ጎጃም ይህን ልማድ ያደረሰው መንገዱ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዓባይን አቋርጦ የተዘረጋው ጎዳና ከነጻነት በኋላ የጭነት መኪናንና አውቶቡስን አመጣ። ሾፌርና ረዳት፣ መምህርና ባለጉዳይ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ በላ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ፣ በፍስክ ቀን ጥብስና ቅቅል ለሁሉም በአንድ ዋጋ ቀረበ። አዳራሹ በማዕረግ የለያቸውን ሰዎች ምግብ ቤቱ አቀራረባቸው፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

የጥንቱ ሥርዓትም ፈጽሞ አልጠፋም። እጅ መታጠቢያው በር ላይ አለ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ «እንብላ» ይባባላሉ፤ ጉርሻውም አለ። ከሁሉ የሚደምቀው የሒሳቡ ጠብ ነው። ሁለቱ ይነሣሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ «ተው በሞቴ»፣ «ዛሬስ አትከፍልም» ይባባላሉ። ብሩን ከማን እንደምትቀበል የቸገራት አስተናጋጅ በመካከል ትቆማለች፤ አውቶቡሱ ክላክሱን ይነፋል። የቀድሞው ቤት ባለቤት በመሶቡ ዙሪያ ያሳይ የነበረው ልግስና አሁን በሒሳብ ወረቀት ላይ ይታያል።

የመሸበት የእግዜር እንግዳ ግን ከዚህ ጠረጴዛ ቦታ አላገኘም። በኪሱ የአንድ ምሳ ዋጋ ካለው ደንበኛ ነው፤ ከሌለው ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ የበሉት ሲወጡ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ በአጠገቡ ያልፋሉ።