ቀይ ልብስ፣ የወርቅ ጨረቃ እና ካሜራ፦ የካርቱም ሙሽሮች ባህላዊ ፎቶግራፍ

የካርቱም የሠርግ አልበም ሲገለጥ ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ያሉበት ይመስላል። በአንዱ ገጽ ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽሪት እና ሙሉ ልብስ ያጠለቀ ሙሽራ ይታያሉ። በሌላው ገጽ እነዚያው ሰዎች መልካቸው ተለውጧል። ሙሽሪቷ ወርቃማ ጥለት ያለው ቀይ ልብስ ተከናንባ፣ ፀጉሯ በወርቅ ተሸልሞ ተቀምጣለች። ሙሽራው ደግሞ በግንባሩ ላይ በቀይ ጥብጣብ የታሰረ የወርቅ ጨረቃ አድርጎ፣ ሰይፍ ይዞ ከጎኗ ይታያል።

ይህ ሁለተኛው ፎቶግራፍ የሚነሳበት ሥርዓት ጂርቲግ ይባላል። ቀይ ልብሱም ሆነ ወርቁ መጀመሪያ ለካሜራ የታሰቡ አልነበሩም፤ ሙሽሮችን ከክፉ ለመጠበቅና ለመመረቅ የተዘጋጁ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ግን ፎቶግራፉ የሥርዓቱ አንድ አካል ሆነ። ጦርነት ካርቱምን ከበተናት ወዲህ ደግሞ ከብዙ ቤተሰቦች እጅ የቀረው የሠርግ መታሰቢያ በስልክ ውስጥ ያለ ምስል ብቻ ሆኗል።

ጂርቲግ ምንድን ነው?

ጂርቲግ በተለይ በሰሜንና በማዕከላዊ ሱዳን፣ በአባይ ዳርቻ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው። ሱዳን የብዙ ሕዝቦች አገር እንደመሆኗ በዳርፉር፣ በኑባ ተራሮችና በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች የየራሳቸው የሠርግ ወግ አላቸው። ይሁን እንጂ ካርቱምና ከወንዙ ማዶ ያለችው ኦምዱርማን ከየአቅጣጫው የመጡ ቤተሰቦች የሚጋቡባቸው ከተሞች በመሆናቸው፣ ጂርቲግ ከትውልድ ቀዬው አልፎ የከተማ ሠርግ መለያ ለመሆን በቅቷል።

ሥርዓቱን የሚመሩት በዕድሜ የገፉና በትዳራቸው የተከበሩ ሴቶች ናቸው። ሙሽሮቹ በቀይ ጨርቅ ያጌጠ፣ እንደ ጠፍር አልጋ ያለ ባህላዊ የእንጨት አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። በፊታቸው ባለው ሰፊ ትሪ ላይ ከእንጨት የተፈለፈሉ የሽቶ ዕቃዎች ይደረደራሉ። ከእነዚህ መካከል ከቅርንፉድ፣ ከሰንደልና ከሌሎች መዓዛማ ነገሮች ተወቅጦ የሚዘጋጀው ደሪራ የተባለው ዱቄት ይገኝበታል። አሮጊቷ ደሪራውን በሙሽሮቹ አናት ላይ ታደርጋለች። በእጃቸው አንጓ ላይም ዶቃ የተሰካበት ቀይ የሐር ክር ታስርላቸዋለች።

በመጨረሻ ሙሽሮቹ ወተት በአፋቸው ይዘው አንዱ በሌላው ላይ ይረጫሉ። ቀድሞ የረጨው እንዳሸነፈ ይቆጠራል፤ ቤቱም በሳቅና በእልልታ ይሞላል። የወተቱ ንጣት የመልካም ዕድልና የሰላማዊ ኑሮ ምኞት ነው። ቀዩ ቀለም፣ ክሩና ዶቃው በአንጻሩ ሙሽሮቹን ከክፉ ዓይን እንደሚጠብቁና ልጆች እንዲወልዱ እንደሚረዱ ይታመናል። ጂርቲግ ለሚገረዙ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶችም የሚደረገው በዚሁ እምነት ነው።

አንዳንድ የሱዳን የባህል አጥኚዎች የሥርዓቱን ሥር እስከ ጥንታዊው የኩሽ መንግሥት ያደርሱታል። ሙሽራው ሰይፍ መያዙና በግንባሩ ላይ ወርቅ ማሰሩ ለዕለቱ እንደ ንጉሥ የመቆጠሩ ምልክት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮችም ካባ ደርበው አክሊል ይደፋሉ።

ከፎቶግራፉ በፊት ያሉ ሳምንታት

የጂርቲግ ፎቶግራፍ ሊያሳይ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መዓዛው ነው። በቆየው ልማድ ሙሽሪት ከሠርጓ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ወር በላይ ከቤት ሳትወጣ ትዘጋጃለች። በዚህ ጊዜ ዲልካ በተባለ፣ ከእህል ሊጥና ከሽቶ ተዘጋጅቶ በጢስ በታጠነ ቅባት ሰውነቷ ይታሻል። ዱኻን የሚባለውን የጢስ መታጠቢያም ትቀመጣለች። ጢሱ የሚወጣው ጠልህ ከሚባለው የግራር ዓይነትና ሻፍ ከተባለው እንጨት ነው።

ሻፍ በሰሜን ኢትዮጵያ ወይባ በሚል ስም የሚታወቀው ዛፍ ነው። በትግራይና በአማራ አካባቢዎች ያሉ ሴቶች ወይባ የሚሞቁበት ልማድ ከሱዳኑ ዱኻን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በሱዳን ዱኻን የሙሽሮችና ያገቡ ሴቶች ወግ በመሆኑ መዓዛው ራሱ የትዳር ምልክት ነው።

ከዚያ በኋላ የሂና ተራ ይመጣል። የሙሽሪቷ እጆችና እግሮች በአበባና በቅጠል ቅርጽ በጥቁር ሂና ይሳላሉ። ሙሽራውም የራሱ የሂና ምሽት አለው፤ መዳፉና የእግሩ ውስጥ በሂና ይቀባል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2024 (እአአ) የሂናን ወግና ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ጥያቄውን በጋራ ካቀረቡት 16 የአረብ አገራት አንዷ ሱዳን ነበረች። ውሳኔው በተላለፈበት ወቅት አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ከገባች ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሆኗት ነበር።

ካሜራው ወደ ሠርግ ቤት ሲገባ

ሱዳን በፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው የሚነሳ ባለሙያዎችን አፍርታለች። ከካርቱም በስተሰሜን በምትገኘው የባቡር ከተማ አትባራ ስቱዲዮ የነበረው ራሺድ ማህዲ (1923–2008) በአህጉሩ ከሚጠቀሱ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ነው። የፊልም ባለሙያው ጋዳላ ጉባራ (1920–2008) በበኩሉ ለአሥርተ ዓመታት የአገሩን የዕለት ተዕለት ኑሮ በካሜራ አስቀርቷል።

በዚያ ዘመን ባልና ሚስት ወደ ስቱዲዮ ሄደው በተሳለ መጋረጃ ፊት ቆመው ይነሱ ነበር። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ የጂርቲግ ዋና መለያ የሆነው ቀይ ቀለም በምስሉ ላይ ጠቁሮ ነው የሚታየው። የልብሱን ቀለም የሚያውቀው በሥርዓቱ ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ነበር። ባለቀለም ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሲስፋፋ ግን ቀዩና ወርቁ ከማናቸውም የሠርግ ልብስ በላይ ጎልተው ወጡ።

ካሜራ ሁሉም ቦታ አይገባም ነበር። ሙሽሪት በሴቶች ፊት ብቻ የምትደንሰው ባህላዊ ዳንስ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ፎቶግራፍ የማይነሳበት ነው። በእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የእንግዶች ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ምስል እንዲነሳ ከተፈቀደም ባለሙያዋ ሴት ትሆናለች። ስለዚህ የጂርቲግ ፎቶግራፍ ለዘመድ አዝማድ በይፋ ሊታይ የሚችል የሙሽሮች ባህላዊ ምስል በመሆኑ ተፈላጊነቱ ጨመረ።

የመንግሥት ቁጥጥርም ነበር። በኦማር አል-በሽር ዘመን፣ እአአ በ1996 ለካርቱም ግዛት የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሙዚቃ ድግሶች ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት እንዲያበቁ ያዝዝ፣ ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው እንዳይጨፍሩም ይከለክል ነበር። የሕዝብ ሥርዓት ሕጎቹ የተሻሩት በሽር ከሥልጣን በተወገዱበት ዓመት፣ በኅዳር 2019 (እአአ) ነው።

የዚያን ዓመት አብዮት ለዓለም ያስተዋወቀው ፎቶግራፍም ከባህላዊ ልብስ የራቀ አልነበረም። በሚያዝያ 2019 (እአአ) ተማሪዋ አላ ሳላህ ነጭ ቶብ ለብሳ መኪና ላይ ቆማ ሰልፈኞችን ስታነቃቃ ላና ሃሩን ያነሳቻት ምስል በመላው ዓለም ተሰራጨ። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከትከሻ እስከ እግር የሚጠቀለሉት፣ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ልብስ ነው። በጆሮዋ ላይ የነበረው ክብ የወርቅ ጉትቻ ደግሞ ብዙ ሱዳናውያንን የእናቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን የሙሽርነት ጌጥ አስታውሷል።

ከአዳራሽ ወደ ወንዝ ዳር

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የካርቱም ሙሽሮች ፎቶግራፍ ከቤትና ከአዳራሽ ወጥቶ ነበር። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ የሚገናኙበት ሞግራን፣ የቱቲ ደሴትና የአባይ ዳር ጎዳና ለፎቶግራፍ የሚመረጡ ሥፍራዎች ነበሩ። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት፣ እአአ በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የሜሮኤ ፒራሚዶችም ጥንታዊቷን የኩሽ ንግሥት መምሰል ለሚሹ ሙሽሮች ምቹ ዳራ ናቸው።

ይህ አዝማሚያ የሱዳን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሠርግ ቀን አስቀድሞ በሐበሻ ቀሚስ ወይም በካባ ፎቶግራፍ መነሳት ተለምዷል። በጃፓን ደግሞ ማዬዶሪ የሚባል፣ ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ የሚካሄድ የፎቶግራፍ ፕሮግራም አለ። ሙሽሪቷ ሺሮሙኩ የተባለውን ሙሉ ነጭ ኪሞኖ ወይም ኢሮ-ኡቺካኬ የተባለውን ባለቀለም ካባ ተከራይታ በጥንታዊ መቅደሶች፣ በአትክልት ሥፍራዎች ወይም በገጠር መንደሮች ትነሳለች። ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ጃፓን የሚሄዱ የውጭ አገር ጥንዶችም የዚህ አገልግሎት ደንበኞች ሆነዋል።

በእነዚህ አገራት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ልብሱ ከሥርዓቱ ተለይቶ ለምስል ብቻ ሲለበስ ትርጉሙ ይቀራልን? በካርቱም ቀደም ሲል በቤተሰብ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው የጂርቲግ ዕቃ በኪራይ መገኘት ጀምሮ ነበር። ሥርዓቱ ራሱም በአዳራሽ ውስጥ በአጭር ጊዜ እንዲጠናቀቅ ሆኗል። ያም ሆኖ የሐር ክሩን የሚያስሩት እጆች የአሮጊቶች መሆናቸው አልቀረም።

ጦርነቱ የወሰደው

በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነቱ በካርቱም የፈነዳው ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. (እአአ ሚያዝያ 15/2023) ነበር። ወቅቱ የረመዳን ጾም የመጨረሻ ሳምንት ነው። በረመዳን እምብዛም ሠርግ የማይደረግ ሲሆን፣ ከኢድ በኋላ ያሉት ቀናት ግን የሠርግ ወቅት ናቸው። ስለዚህ ጦርነቱ የመጣው ብዙ ቤተሰቦች ለሠርግ ሲሰናዱ ነው።

የካርቱም ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ሊይዙ የቻሉት ጥቂት ነገር ነበር። የባዶ ቤቶች ዝርፊያ ተስፋፋ፤ ከተዘረፈው ንብረት ውስጥ ለሙሽሪት የተገዛና ከአያት የተወረሰ ወርቅ ይገኝበታል። በሱዳን ወርቅ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሴቲቱ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነው። አልበሞች፣ የቪዲዮ ካሴቶችና ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ፎቶግራፎች ደግሞ እዚያው ቀሩ።

የሕዝብ መዝገቦችም አልተረፉም። በግንቦት 2023 (እአአ) በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ፣ ስለ ሱዳን የተጻፉ ብርቅዬ ሰነዶችን የያዘ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሏል። እአአ በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም ተዘርፏል። በአንጻሩ ‘የሱዳን ማኅደረ ትውስታ’ በሚል ትርጉም የሚታወቀው የዲጂታል ማኅደር ፕሮጀክት ከጦርነቱ አስቀድሞ እአአ በ2022 ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ቅጂ ከጥፋት አድኗል።

ሥርዓቱ በስደት

እንደ ተባበሩት መንግሥታት መረጃ ጦርነቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አፈናቅሏል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ ግብጽ ተሰደዋል። ሌሎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ለዓመታት በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

ካይሮ አቅም ያላቸው የካርቱም ሙሽሮች ለጫጉላ ይመርጧት ከነበሩ ከተሞች አንዷ ነበረች። አሁን ግን ሱዳናውያን መጠለያ የሚፈልጉባት ከተማ ሆናለች። ብዙ ስደተኞች በሰፈሩባቸው እንደ ፋይሰል ባሉ አካባቢዎች የሱዳን ሽቶ፣ ቶብና የሂና ሠራተኞችን ማግኘት ይቻላል፤ ሠርግም ይደረጋል፣ ጂርቲግም ይፈጸማል።

ይህ ሊሆን የቻለው ጂርቲግ ከቤተ መንግሥት ወይም ከቤተ አምልኮ ጋር ያልታሰረ፣ በዕቃም የቀለለ ሥርዓት በመሆኑ ነው። ቀይ ጨርቅ፣ ክር፣ ዶቃ፣ ሽቶና ወተት በአንድ ክፍል ቤትም ይበቃሉ። ወርቁ ከጠፋ ወርቅ ቅብ ጌጥ ይተካዋል። በቀላሉ የማይተካው ሰው ነው። ደሪራውን በልኩ የምትቀምመው፣ ዘፈኑን በቅደም ተከተሉ የምታወጣው አያት በሌላ አገር ወይም በሌላ ከተማ ቀርታ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እርሷ በስልክ ቪዲዮ እየተከታተለች ትመርቃለች፤ ክሩን ሌላ እጅ ያስራል።

ፎቶግራፉም ከዚህ የተነሳ አዲስ ሥራ አግኝቷል። ቀድሞ ለሳሎን ግድግዳ የሚነሳ ምስል ነበር፤ ዛሬ በሠርጉ ላይ መገኘት ላልቻሉ በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶች የሚላክ ምስክር ነው። ለሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ክሩ በየትኛው እጅ እንደታሰረ፣ ጨረቃው በግንባር ላይ እንዴት እንደዋለ የሚያሳይ ማስተማሪያ ይሆናል። ጢሱና መዓዛው፣ ቅመማውና ዘፈኑ ግን በምስል አይተላለፉም፤ ከሚያውቁት እናቶች በቃልና በተግባር መማርን ይጠይቃሉ።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 (እአአ) ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ነዋሪዎች ወደተጎዳችው ከተማ መመለስ ጀምረዋል። ውኃ፣ መብራትና ሆስፒታል ከማንኛውም ነገር የሚቀድሙ ጥያቄዎች ናቸው። ጦርነቱም በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች አላበቃም ነበር። ከተመላሾቹ መካከል ልጆቻቸውን የሚድሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ለእነርሱ ጂርቲግ ከቤቱ ጣሪያና ከግድግዳው ፎቶግራፍ በፊት መልሰው ሊያቆሙት የሚችሉት የቤተሰብ ወግ ነው።