መናፈሻ የትልልቅ ከተሞች ብቻ ነውን? ጫግኒ እንደ ማሳያ

ስለ ከተማ መናፈሻ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድማ ትዝ የምትለን አዲስ አበባ ናት፡፡ በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ፣ ብሔረ ጽጌ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች ይጠቀሳሉ፡፡ አብዛኛው የአገራችን ከተሜ የሚኖረው ግን በመካከለኛና በአነስተኛ ከተሞች ነው፡፡ ጉዳዩን በአዊ ዞን በምትገኘው ጫግኒ በኩል ለማየት የመረጥኩትም ለዚህ ነው፡፡

የጓንጓ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጫግኒ ከእንጅባራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፡፡ ወደ መተከልና ወደ ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል፡፡ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ጫግኒ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፡፡ በብርዳማዋ እንጅባራ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ሲወጣ፣ በጫግኒ ጥላ ፍለጋ ይወጣል፡፡ ስለዚህ ለጫግኒ መናፈሻ ማለት ከሁሉ በፊት ዛፍ ማለት ነው፡፡

በአካባቢው ምን አለ?

የተፈጥሮ ሀብት ሞልቷል፡፡ በጓንጓ ወረዳ የዶንዶር ፏፏቴ አለ፡፡ 166 ሜትር ጥልቀት ያለው የዘንገና ሐይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል፡፡ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልም በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ይከበራል፤ ሰፊ ሜዳ ለአካባቢው ሕዝብ ምን እንደሆነ ለማየት እርሱን መመልከት ይበቃል፡፡

ይሁን እንጂ ፏፏቴና ሐይቅ የከተማ መናፈሻን አይተኩም፡፡ ከሥራ መልስ ለግማሽ ሰዓት ዘንገና የሚሄድ የለም፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ መዝናናትን አስቸጋሪ አድርጎታል፡፡ በእግር የሚደረስበት፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው ዓይን ሥር የሚጫወቱበት ቦታ ዋጋው የሚታወቀው ይህን ጊዜ ነው፡፡

ክፍት ቦታ የክፉ ቀን መጠለያም ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ከመተከል በግፍ የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች የሰፈሩት በጫግኒ አቅራቢያ ራንች በሚባለው ቦታ ነበር፡፡ ያ መሬት ቀደም ብሎ ተሸንሽኖ ቢያልቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሕዝብ የት ማሳረፍ ይቻል ነበር?

መስፈርቱ ምን ይላል?

በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር የታወቀው ቀመር 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በበኩሉ አንድ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ ይመክራል፡፡ ይህም የአምስት ደቂቃ መንገድ መሆኑ ነው፡፡ በእኔ እምነት ለጫግኒ የሚጠቅማት ሁለተኛው መለኪያ ነው፤ በመቶኛ የተሰላ አረንጓዴ ቦታ በካርታ ላይ ገደል ወይም የወንዝ ዳር ሆኖ ሊቀር ይችላልና፡፡

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የአዲስ አበባን መቅዳት አያስፈልግም፡፡ ፏፏቴና መብራት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሲበላሽም ጠጋኝ ይፈልጋል፡፡ ዋንዛ፣ ዋርካ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የእግር መንገድና ንጹሕ መፀዳጃ ቤት ይበቃሉ፡፡ ሁለተኛ፣ በዞኑ ደጋማ ወረዳዎች ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ገቢ ያስገኛል እንጂ ለመናፈሻ አይሆንም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቆረጣልና፡፡ ሦስተኛ፣ ወባ ባለበት ቆላማ አየር ውኃ የሚያቁር ኩሬ መሥራት በሽታን መጋበዝ ነው፡፡ አራተኛ፣ መግቢያው ነፃ ይሁን፤ ጥገናውን ከሻይ ቤትና ከፎቶ ቤት ኪራይ መሸፈን ይቻላል፡፡ አምስተኛና ዋናው፣ ቦታው የሕዝብ መሆኑ በካርታ ተረጋግጦ በወሰን ድንጋይ ይከለል፡፡

የመሬት ዋጋ ሲንር ቀድሞ የሚሸጠው ባለቤት የሌለው የሚመስለው ሜዳ ነው፡፡ ሕንፃ በማንኛውም ጊዜ ይሠራል፤ አንዴ ቤት የበቀለበትን ሜዳ መልሶ ሜዳ ማድረግ ግን ካሳና ክርክር ያስከትላል፡፡ አዲስ አበባ ይህን በብዙ ወጪ ተምራዋለች፡፡ ጫግኒ ግን አሁን ባላት መሬት ላይ ወስና ከወጪው ልትድን ትችላለች፡፡