ከመሬት በታች ስለ ተቀበረው ስለ ፍሊት ወንዝ

በሎንዶን ከተማ ፍሊት ስትሪት የሚባል የታወቀ መንገድ አለ። ታላላቆቹ ጋዜጦች ብዙ ዘመን በዚያ ይታተሙ ስለ ነበር፥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄዱም፥ የመንገዱ ስም ሲጠራ እስከ ዛሬ ጋዜጠኛነት ይታሰባል። ስሙ ግን የወንዝ ስም ነው። በመንገዱ ምሥራቅ ጫፍ ቆሞ ወንዙን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ከእግሩ በታች በጡብ ዋሻ ተዘግቶ ይሄዳልና። ሰው ወንዝን እንዴት አድርጎ ሊቀብር እንደ ቻለ፥ ይልቁንም ስለ ምን ሊቀብረው እንደ ፈለገ፥ ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፍሊት ትንሽ ወንዝ ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ከሃምስቴድ ኮረብታ በሁለት ጅረት ይነሣና፥ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ከታላቁ ከቴምዝ ወንዝ ይገባል። በዳሩ ብዙ ምንጮች ስለ ነበሩ በጥንት ዘመን የምንጮች ወንዝ ይባል ነበር። ከነዚህም አንዱ የሎንዶን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እየተሰበሰቡ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያወጡትን ትርኢት ለሕዝብ ያሳዩበት የነበረው ምንጭ ነው። ክለርከንዌል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘ ከዚሁ ነው፤ ክለርክ ማለት በጥንቱ ቋንቋ የቤተ ክህነት ሰው ማለት ነውና።

በወንዙ አፍ አጠገብ የቀርሜሎስ መነኮሳት ገዳም ነበራቸው። እነዚህ መነኮሳት በ1290 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛና ለፓርላማው አቤት አሉ። ነገራቸውም፥ ከወንዙ የሚወጣው ክፉ ሽታ በጸሎት ጊዜ የሚታጠነውን ዕጣን ሁሉ አሸነፈው፥ ከወንድሞቻችንም ብዙዎች በዚሁ ሽታ ሞቱብን የሚል ነበር። ጎረቤቶቻቸው የዶሚኒክ መነኮሳትና የሳልዝበሪ ጳጳስም በአቤቱታው ተባበሩ። በዕጣን ጢስ ሥር ቆሞ ያደገ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ያለ ማስረጃ ያውቀዋል።

በ1307 ዓ.ም. በካርላይል በተደረገው ፓርላማ ደግሞ የሊንከን መስፍን ሄንሪ ደ ሌሲ ሌላ ክስ አቀረበ። ቀድሞ 10 ወይም 12 መርከብ ሸቀጥ ጭኖ እስከ ፍሊት ድልድይ ይገባ ነበር፤ አሁን ግን በቆዳ ፋቂዎች እድፍና ውሃው ለወፍጮ ስለ ተጠለፈ መርከብ መግባት አልቻለም አለ። ወፍጮው እንዲነሣ፥ ወንዙም እንዲጠረግ ታዘዘ። ይሁን እንጂ እድፉ አልቆመም። በ1343 የከተማው ሹማምንት ራሳቸው ሥጋ ሻጮች የከብት አንጀት የሚያጥቡበትን ስፍራ በዚሁ ወንዝ ዳር ሰጧቸው። በ1355 በወንዙ አጠገብ የነበረው የፍሊት ወኅኒ ቤት ዙሪያ ቦይ ተመረመረ። ስፋቱ 10 ጫማ ሆኖ ትልቅ የወይን በርሜል የጫነ ጀልባ ሊያንሳፍፍ የሚገባው ውሃ፥ በላዩ ከተሠሩት 11 መጸዳጃ ቤቶችና ከ3 የቆሻሻ መውረጃዎች በሚወርደው እድፍ ተደፍኖ ተገኘ።

እንግዲህ ወንዙ የጠፋው ሰው ሳያውቅ አይደለም። መነኩሴውም መስፍኑም ዳኛውም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ለጤናቸው የፈሩ ሁሉ የከሰሱት ውሃውን ሳይሆን ሽታውን ነው። በዚያ ዘመን፥ ከዚያም በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ፥ የተማሩት ሐኪሞች እንኳ በሽታ ከከረፋ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሽታና በሽታ በጆሮ ለሚቀራረቡበት ለአማርኛ ተናጋሪ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ሽታው በሽታ ከሆነ ደግሞ ሽታውን መክደን መፈወስ ነው። የፍሊት መቃብር የተቆፈረው በዚህ አሳብ ነው።

በ1666 ዓ.ም. ሎንዶን በእሳት ከተቃጠለች በኋላ ክሪስቶፈር ሬንና ሮበርት ሁክ የወንዙን የታችኛውን ክፍል 40 ጫማ ስፋት ያለው የመርከብ ቦይ አድርገው በ1674 ፈጸሙት። ከ50,000 ፓውንድ በላይ ወጣበት። ለጊዜው ያማረ ሥራ ነበር፤ ሆኖም የሚገባው ጀልባ ጥቂት ሆነ፥ ከላይ የሚወርደውን እድፍም የከለከለው ስለሌለ ቦዩ እንደ ገና ተደፈነ። ስለዚህ ከ1733 ጀምሮ በጡብ ቅስት ከደኑትና በላዩ ገበያ ሠሩበት፤ ገበያው በ1737 ተከፈተ። እስከ ቴምዝ የቀረውም ክፍል በ1760ዎቹ ተከደነ። ሥጋና አትክልት የሚሸጠው እንግዲህ በእድፉ ጣሪያ ላይ ነበር።

አፍንጫ ረካ፤ ወንዙ ግን አልረካም። በ1846 ዓ.ም. በዋሻው ውስጥ የታፈነው ጋዝ ፈንድቶ መንገዱን ቀደደው። የእድፉ ማዕበል በክለርከንዌል ሦስት የድኾች ቤቶችን ጠርጎ ወሰደ፤ አንዲት የእንፋሎት ጀልባም ከብላክፍራያርስ ድልድይ ጋር አጋጨ ተብሎ ተነግሯል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጆን ስኖ የሚባል ሐኪም ኮሌራ የሚመጣው በአየር ሳይሆን በሚጠጣ ውሃ መሆኑን ጻፈ፤ በ1854ም በሶሆ ሰፈር በአንድ የሕዝብ ውሃ መቅጃ ዙሪያ የሞቱትን ቈጥሮ አስረዳ። የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። በ1858 በሰኔ ሙቀት ቴምዝ ራሱ ከርፍቶ የፓርላማው መጋረጃ በኖራ መድኃኒት እስኪነከር ድረስ ሲያስጨንቅ ግን፥ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሕግ በ18 ቀን ተፈጸመ። መነኮሳቱ ካመለከቱ 568 ዓመት አልፎ ነበር፤ ሽታው ከገዳሙ ወደ ሸንጎው እስኪደርስ ይህን ያህል ዘገየ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም ከ130 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ታላላቅ የጡብ ቦይ ሠርቶ ፍሊትን ቴምዝ ሳይደርስ ጠለፈና ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ መራው። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ይልቁን የመታው አዲሱ ቦይ ገና ያልደረሰለትን የምሥራቁን ሰፈር ነው፤ በዚያ ከ5,000 ሰው በላይ ሞተ። ሽታን ለማባረር የተሠራው ሥራ ውሃን ስላነጻ ሰው ዳነ ማለት ነው፤ የስኖም ቃል በዚህ ታመነ። እርሱ ግን በ1858 ሞቶ ነበር።

እድፉ ግን ሳይጣራ በቴምዝ ታችኛው ክፍል ይለቀቅ ነበር። በመስከረም 1878 ፕሪንሰስ አሊስ የምትባል የሽርሽር መርከብ በዚያው አካባቢ ተጋጭታ ስትሰጥም ከ600 ሰው በላይ አለቀ፤ ከቆሻሻው መለቀቂያ አጠገብ ነበረችና ተጓዦቹ በእድፍ ውስጥ ሰጠሙ። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ፍሊት ከዋሻው ሞልቶ ወደ ቴምዝ ይፈስስ ነበር። ይህን ለመያዝ 25 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ዋሻ ተቆፍሮ በ2025 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ።

የወንዙ ራስ ዛሬም ክፍት ነው፤ በሃምስቴድና በሃይጌት ኩሬዎች ሰው ይዋኛል። ከዚያ በታች ፍሊት አይታይም። በክለርከንዌል ሬይ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ግን የብረት ፍርግርግ አለ፤ መኪና በማያልፍበት ሰዓት ጆሮውን ያቀረበ ሰው ወንዙ ከታች ሲሮጥ ይሰማዋል።