የተመዘገበ ዋጋን ስለ ማንበብና ስለ ማደስ፦ ከኮልፌ ቀራንዮ ታሪክ አንጻር

መግቢያ

መዝገብ የሚጠቅመው እውነትን ይዞ ሲገኝ ነው። ይሁንና ዛሬ እውነት የሆነው ነገር ነገ ሊለወጥ ይችላል። የሕዝብ ቁጥር ያድጋል፤ አንድ ሰፈርም ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይዛወራል። ስለዚህ በቀለምና በወረቀት የሚሠራም ሆነ በኮምፒዩተር የሚገለገል መዝጋቢ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ምን ይሁን? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄው በኮምፒዩተር ሳይንስ ያገኘው መልስ ከተገለጸ በኋላ፣ በምዕራብ አዲስ አበባ በምትገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ታሪክ ይመረመራል።

የአመዘጋገቡ መሠረት

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በ1981 ዓ.ም. ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም የዓለም አቀፉን ድር ሐሳብ አቀረበ። ገጾቹ ግን ሰው እንዲያነባቸው የተዘጋጁ ነበሩ። ኮምፒዩተርም ቁም ነገራቸውን እንዲለይ ለማስቻል በየካቲት 1991 ዓ.ም. አር.ዲ.ኤፍ. የተባለው የአመዘጋገብ ሥርዓት ጸደቀ። በግንቦት 1993 ዓ.ም. በርነርስ ሊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡ «ሴማንቲክ ዌብ»፣ ማለትም ትርጉም ያዘለ ድር፣ በሚል ስም በሰፊው ታወቀ።

የሥርዓቱ መሠረት ለሰዋስው መምህራን እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ መረጃ በሦስት ክፍሎች ይጻፋል፤ እነርሱም ባለቤት፣ ባሕርይና ዋጋ ናቸው። «አዲስ አበባ፣ የሕዝብ ብዛት፣ 2,112,737» ቢባል የመጀመሪያው ባለቤቱ፣ ሁለተኛው ባሕርዩ፣ ሦስተኛው ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ዋጋ ሲባል ገንዘብ ሳይሆን በባሕርዩ ሥር የሚሞላው መልስ ነው።

ማንበብና ማደስ

ዋጋን ማንበብ ማለት ባለቤቱንና ባሕርዩን ሰጥቶ የጎደለውን ሦስተኛ ክፍል መጠየቅ ነው። ለዚህም ስፓርክል የተባለው የመጠይቅ ቋንቋ በጥር 2000 ዓ.ም. ጸደቀ። ማደስ ግን ከዚህ ይከብዳል። በዚህ ሥርዓት አንድ ባሕርይ ብዙ ዋጋዎች ሊኖሩት ስለሚችል፣ አዲሱን መጨመር ብቻውን አሮጌውን አይተካውም፤ ጠያቂውም ሁለት መልስ ያገኛል። አሮጌው እንዲጠፋ ከተፈለገ መሰረዙም በግልጽ መታዘዝ አለበት። የመሰረዝና የመጨመር ትእዛዝ በስፓርክል ውስጥ ደንብ ሆኖ የጸደቀው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ነው።

ሆኖም መሰረዝ መቻልና መሰረዝ መገባት የተለያዩ ናቸው። ዋጋው ከመነሻው ስሕተት ከሆነ ይሰረዛል። በጊዜው ትክክል ሆኖ ኋላ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ዘመኑ ተጽፎለት ሊቀመጥ ይገባዋል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዊኪዳታ የተባለው የመረጃ ማከማቻ በዚህ መንገድ ለዋጋዎች መነሻና ማብቂያ ዘመን እንዲጻፍ፣ የቅርቡም ተመራጭ ተብሎ እንዲቀድም ያስችላል። ከላይ የተጠቀሰው 2,112,737 በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ውጤት ነው። የግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 2,739,551 አስመዝግቧል። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን አያስተባብልም። እቅድ አውጪ የሚፈልገው የ626,814 ጭማሪ የሚታወቀው ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ ነው።

የኮልፌ ቀራንዮ ምሳሌ

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና ያገኙት በኮልፌ ነበር። ኮልፌ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ዳርቻ ነበረች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ፣ በከተማው ሁሉ «ባለንብረት» በሚለው ባሕርይ ሥር የነበረው ዋጋ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች፣ ከዚያም በ28 ወረዳዎች ተከፈለች። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ኮልፌ ቀራንዮ አንዷ ሆነች። ቀጥሎም በክፍለ ከተማ ሥር የነበረው የቀበሌ እርከን በወረዳ ተተካ፤ ለሚ ኩራ ተጨምሮም ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ አንድ ጸሐፊ መዝገቡን ለማደስ ብሎ «ኮልፌ» የሚለውን ሁሉ «ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ» በሚል ቢተካው፣ ማንዴላ ገና ባልተቋቋመ ክፍለ ከተማ ሠለጠኑ ማለት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከ1995 ዓ.ም. በፊት የነበረው ወረዳና የዛሬው ወረዳ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በይዘት የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ መለያ ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛ፣ የተለመደው የኮምፒዩተር የቀን አጻጻፍ የአውሮፓን አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ሳይመነዘር የገባ 1995 ዓ.ም. የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ያመጣል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ለትምህርት ቤት የቅርብ ነው። በደርግ ዘመን የተሰጠ ምስክር ወረቀት ከፍተኛና ቀበሌ ቢጠቅስ፣ አሮጌው አድራሻ ከመዝገቡ ከጠፋ ባለ ምስክር ወረቀቱ ማንነቱን ለማስረዳት ይቸገራል። ወሰናቸው የተለወጠ አካባቢዎችን የተማሪ ቁጥር የሚያነጻጽር እቅድ አውጪም የወሰን ለውጡን እንደ ተማሪ ጭማሪ ሊቆጥረው ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤት በማያስፈልግበት ሊታነጽ፣ በሚያስፈልግበት ሊቀር ይችላል። ስለሆነም የትምህርት ቤት መዛግብት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወሩ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ዋጋ የመነሻና የማብቂያ ቀን፣ የለዋጩም ኃላፊ ስም አብሮ እንዲመዘገብ ማድረግ ተገቢ ነው። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ሰነድ ተቀባይነት እንደማይኖረው ሁሉ፣ አሮጌው ዋጋ ያለ ምልክት የጠፋበት መዝገብም ሊታመን አይችልም።