መጠጥ የወለደው የአእምሮ ደዌ በካርቱም መዝገብ እንዴት ሊጻፍ ይገባል?

ቶማስ ሰተን እ.ኤ.አ. በ1813 ጠጪን የሚያንቀጠቅጠውን ዲሊሪየም፣ ኮርሳኮፍም በ1887 መጠጥ የሚያመጣውን የመርሳት ደዌ ገልጸዋል፤ በእነርሱ ላይ ክርክር ስለሌለኝ አልፋቸዋለሁ። ክርክሬ ከስዊሱ ሊቅ ከኦይገን ብሎይለር ጋር ነው። እርሱ፣ ጠጪ ሰው ልቡናው ሳይደፈርስ፣ ቀንና ስፍራም ሳይጠፋው፣ የሚሰድቡትና የሚዝቱበት ድምፆች ቢሰሙት፣ ደዌው ቀድሞ ተሰውሮ የነበረ ስኪዞፍሬኒያ ነው፣ መጠጥም ገላጩ እንጂ ወላጁ አይደለም ብሎ አስተማረ።

ይህን ትምህርት የሚያፈርሰው፣ ብዙዎች ሳያነቡት የሚያልፉት የቤኔዴቲ የ1952 ጥናት ነው። ቤኔዴቲ እንዲህ ያሉ 113 ሕሙማንን መርምሮ 90ው ስድስት ወር ሳይሞላቸው እንደዳኑ አገኘ፤ በስድስት ወር የሚለቅ ደዌ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ዘመን በሚጸና ደዌ ስም ሊጠራ አይገባውም። የቀሩት 23ቱስ፣ ከእነርሱም እኩሌታው ያህል ስኪዞፍሬኒያ መስለው የለምን? የሚል ቢኖር፣ ጥቂቶቹ በብዙዎቹ ላይ አይፈርዱም፤ ለሚዘገየውም ደዌ የዓለም የደዌያት መዝገብ 10ኛ እትም ኤፍ10.7 የሚባል የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል። ኤፍ10.5ም ከመጠጣት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሚነሣ፣ በአንድ ወር ቢያንስ በከፊል፣ በስድስት ወር ፈጽሞ ለሚለቅ የአእምሮ መታወክ የተወሰነ ነው። ከእኔ የላቁ ሊቃውንት ቢያርሙኝ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ይህ ወሰን ለቤኔዴቲ እንጂ ለብሎይለር አይመሰክርም።

ወደ ካርቱም ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። የሱዳኑ የአእምሮ ሐኪም ቲጋኒ አል-ማሂ በካርቱም ሰሜን የነርቭ ሕሙማን ክሊኒኩን ሲያቋቁም፣ የማሽላውን መሪሳ ወይም የተምሩን ዓረጊ መጠጣት ገና በሕግ አልተከለከለም ነበር። በ1983 ግን የሱዳን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ሸሪዓን አውጆ መጠጡን ዓባይ ውስጥ አስደፋ፤ የ1991 የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 የጠጣውን ሙስሊም 40 ጅራፍ አስፈረደበት፣ በ2020 የተደረገውም ማሻሻያ የፈቀደው ሙስሊም ላልሆነው ብቻ ነው። እንግዲህ በሕክምና መዝገብ ላይ የሚጻፈው ቃል ለዳኛ ምስክር ይሆናል ብሎ የሚፈራ በሽተኛ ጠጥቻለሁ እንዲል ማን ይጠብቃል? ዘመዶቹም ስለ እርሱ ዝም ይላሉ። ዓረጊው ከታሪኩ ሲወጣ የሚቀረው ድምፅ የሚሰማው ሰው ነው፤ የብሎይለር ትምህርትም ባዶውን ስፍራ ፈጥኖ ይሞላዋል፦ ኤፍ20፣ ስኪዞፍሬኒያ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው መጠጥ ቢተው ይድን የነበረውን ደዌ በመድኃኒት እየተከላከለ፣ ስሙንም እየተሸከመ ይኖራል።

ስለዚህ ሐኪሙ የንስሐ አባት ምሥጢርን እንደሚጠብቅ የበሽተኛውን ቃል ይጠብቅ፤ የጠጣውን ዓይነትና መጠን፣ ልቡናው ንጹሕ ወይም የደፈረሰ መሆኑንም ለይቶ ይጻፍ፣ ከመጠጥ መቋረጥ ጋር የደፈረሰው ኤፍ10.4 ነውና። በወሩና በስድስተኛው ወር መልሶ ሳያየውም አይፍረድ። እናንተም መዝገብ የምትይዙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኤፍ20 ብላችሁ ከመጻፋችሁ አስቀድሞ በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበትን ቀንና ሰዓት ጠይቁት።